ለሦስት የተከፈለ ማቀዝቀዣ

የሦስቱ ወረዳዎች የጋራ ልማት ጉባኤ ጸሐፊ ጠብ አይወድም ነበር። ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ሲጀምር ብዕሩን ያነሣና «እንዲህ ብንለውስ?» ይላል፤ ከዚያ ማንንም የማያስቀይም፣ ሁሉንም ራስ የሚያስነቀንቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ያወጣል። በሠላሳ ዓመት የቢሮ ሥራው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ያጣበት ቀን የለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ «ጋሽ ማርከሻ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ የጠብን መርዝ ያረክሳል ለማለት። እሱም ስሙን ይወደው ነበር። ስልክ ሲያነሣ እንኳ «አቤት፣ ማርከሻ ነኝ» ይላል።

ጉባኤው አንድ ሕግ ነበረው። ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ወረዳ ሦስቱም ካልተስማሙ ምንም ነገር አይወሰንም፤ በድምፅ ብልጫ ብሎ ነገር የለም። ሕጉን ያረቀቀው ማን መሰላችሁ? ማርከሻ ነው። በድምፅ የተሸነፈ ሰው ቂም ይይዛል ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ ይይዛል። ሳይወስን የዋለ ሰው ምን እንደሚይዝ ግን ያን ጊዜ አላሰበበትም።

የሦስቱ ወረዳ ሕዝብ የሚኖረው በላም ነው። የጠዋቱን ወተት የከተማው መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የማታው ወተት ግን ወሳጅ የለውም፤ አድሮ ይረጋል፣ ጠዋት ላይ ለጥጃ ይሰጣል ወይ ደጅ ይደፋል። ሰው በገዛ እጁ ያለበውን ወተት በገዛ እጁ ሲደፋ ማየት ደግሞ ልብ ይሰብራል፤ ያየው ያውቀዋል። መድኃኒቱ ትልቅ ማቀዝቀዣ ነበር፤ የማታውን ወተት በአራት ዲግሪ አቆይቶ ለጠዋቱ መኪና የሚያስረክብ። ችግሩ የአንድ ወረዳ ወተት ብቻውን እንዲህ ያለውን ታንከር አይሞላውም፤ ከግማሽ በታች ሆኖ ቢሠራ ደግሞ የነዳጁን ያህል እንኳ አያወጣም። ሦስቱ ሲተባበሩ ብቻ ነው የሚያዋጣው። አንድ የልማት ፕሮጀክት ይህን ሰምቶ ማቀዝቀዣውን ሊሰጥ ቃል ሲገባ፣ ማርከሻ ከቢሮ እስከ ቤቱ እያፏጨ ሄደ።

የሚያፏጭበት ምክንያት ነበረው። ያለችው አንድ ልጅ ናት። የወተት ጥራት ምርመራ ተምራ በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፤ የቅጥር ፈተናውንም አንደኛ ወጥታ አልፋለች። በእጇ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ፤ «የወተት ማቀዝቀዣ ማዕከሉ ሥራ በጀመረ ማግስት ሥራ ትጀምራለች» ይላል። ደብዳቤውን ከተቀበለች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ነጭ ካፖርቷን በየሳምንቱ አጥባ ትተኩሳለች። ሥራ ፈትታ መቀመጥ አልሆንላት ሲል ያቺን ረጅም የመስታወት መለኪያዋን ይዛ በየጎረቤቱ ትዞራለች፤ ወተት ውስጥ ነከር ታደርግና «እትዬ፣ ይኼ ውሃ ገብቶበታል» ትላለች። በዚህ አኳኋን የሰፈሩን ግማሽ አስኮረፈች። «አባትየው ያስታርቃል፣ ልጅየዋ ታጣላለች» እያለ ሰፈሩ ይስቅ ነበር።

በትምህርት ቤት አብራት የነበረች ጓደኛዋ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለእሷም ቦታ አግኝታላታለች፤ የጉዞው ወረቀትም አልቋል።

«አባዬ» አለችው አንድ ቀን፣ የላሞቹን መጠጫ ገንዳ አብረው ሲያጥቡ። «ክረምት እስኪገባ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም።»

«ክረምት እስኪገባማ ወተቱን ስትመረምሪ አይሽ የለ!» አላት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች እናትየው ከበረቱ ውስጥ።

ዕቃው በሦስት መኪና ተጭኖ መጣ። አንደኛው ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ታንከር፣ ሁለተኛው ላይ ጄኔሬተር፣ ሦስተኛው ላይ የማቀዝቀዣው ሞተርና የመመርመሪያው ዕቃ። መኪኖቹ የጉባኤው ግቢ ቆመው፣ ውስጥ ደግሞ ሦስቱ ሊቀመንበሮች ማዕከሉ የት ይሠራ በሚለው ሦስት ቀን ሙሉ ተፋጠጡ።

የላይኛው ወረዳ ሊቀመንበር ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ነጎድጓድ ይሉታል። «ላሞቹ እኛ ጋ ናቸው!» አለ። የመካከለኛው ወረዳ ሊቀመንበር ሱቅ አለው፤ ባለሱቁ ነው የሚባለው። «መንገዱ እኛ ጋ ነው» አለ፣ ረጋ ብሎ። የታችኛው ወረዳ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ጣቱን አንሥቶ «ያለ ውሃ ታንከር በምን ይታጠባል? ውሃው ደግሞ እኛ ጋ ነው» አለ። ሦስቱም እውነታቸውን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የፕሮጀክቱ ኢንጂነር ተነሣች። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የማያጣው ሴት ናት። «እስከ ነገ ጠዋት አንድ ቦታ ካልተሰጠኝ መኪኖቹ ዕቃውን እንደጫኑ ይመለሳሉ» አለች።

ማርከሻ በመስኮት አሻግሮ ታንከሩን አየ። ልጁን አሰበ። ነጎድጓድ ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን ሲያነሣ፣ እሱ ብዕሩን አነሣ።

«ጎበዝ፣ ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ቦታው እስኪወሰን ዕቃውን በአደራ ብንካፈልስ? ታንከሩ ላይኛው ወረዳ፣ ጄኔሬተሩ መካከለኛው፣ ሞተሩና መመርመሪያው ታችኛው ወረዳ ይቀመጥ። ማንም ባዶ እጁን አይመለስም። ዕቃውም ከአገር አይወጣም።»

ነጎድጓድ ሳቀ፣ ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ፣ መምህሩ «ድንቅ ነው» አለ። አጨበጨቡ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሎሚ አይደለም» አለች ኢንጂነሯ። «አንድ ማሽን ነው።»

«ለጊዜው ነው፣ ኢንጂነር። ለጊዜው።»

ማታ ቤት ገብቶ ለልጁ ነገራት። «ታዲያ ታንከሩ ብቻውን ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችው። «ለጊዜው ነው» አላት ለእሷም። ደስ ብሎት ነበር፤ ሌት እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ።

በሁለተኛው ወር ቦታው ተወሰነ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሦስቱ መንገዶች የሚገናኙበት ሜዳ ተመረጠ። ላም የለበት፣ ውሃ የለበት፣ ጥላ የለበት፤ ግን የማንም ስላልሆነ ማንም አልጠላውም። ኢንጂነሯ ወለሉን በሲሚንቶ አስሞላች፣ ውሃ በቧንቧ ልታስመጣ ቦይ አስቆፈረች። የቀረው ዕቃውን ማምጣት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ማርከሻ የሠራው ሥራ ፊቱ ላይ የቆመው።

መጀመሪያ ማን ያምጣ?

ነጎድጓድ ታንከሩን ግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሮ፣ ዘበኛ ቀጥሮለታል። «እኔ ታንከሬን ሜዳ ላይ ጥዬ እነሱ ባይመጡስ? ጋሽ ማርከሻ፣ ታንከር ከእጄ ከወጣ በኋላ ማን ይሰማኛል?» አለ። «ታንከሬን» ሲል ማርከሻ ሰምቷል፤ ግን አላረመውም። ባለሱቁ ጄኔሬተሩን «እንዳይዝግ» ብሎ በቀን ለጥቂት ሰዓት ያስነሣዋል፤ ሲያስነሣው ታዲያ መብራቱ የሚበራው በሱቁ መደዳ ነው። «እኔማ ዛሬ ብትሉኝ ዛሬ ነው» አለ። «ብቻ እነሱ ይቅደሙ።» መምህሩ ሞተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ቆልፎበታል፤ ቁልፉ በሦስት ሰው ፊት ካልሆነ አይወጣም፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። «እምነት አጥተን አይደለም» አለ መምህሩ። «ጥንቃቄ ነው።»

ማርከሻ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲመላለስ እግሩ ቀጠነ። የሦስቱንም ሻይ ጠጣ፣ ለሦስቱም «ልክ ነህ» አለ። ልክ ናቸው ብሎ ያምን ስለነበረም አልዋሸም። ቤት ሲገባ ልጁ ትጠብቀዋለች፤ መጀመሪያ አካባቢ «እንዴት ሆነ?» ትለው ነበር፣ በኋላ ፊቱን አይታ ብቻ ራቱን ታቀርብለታለች። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ ሦስቱን ሰበሰበና ቃለ ጉባኤ አስፈረማቸው። ሦስቱም ወረዳዎች በእጃቸው ያለውን ዕቃ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም ወደ ሜዳው ያመጣሉ። «አንዱ ሌላውን ሳይቀድም» የምትለዋ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦባታል። ሲፈርሙ ነጎድጓድ ትከሻውን መታ አደረገውና «አንተን የመሰለ ሰው ከየት ይገኛል!» አለው።

የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ማርከሻና ልጁ ገና በጠዋቱ ሜዳው ላይ ነበሩ። ነጭ ካፖርቷን ለብሳለች። ኢንጂነሯ ሁለት መካኒኮችና አንድ ክሬን ይዛ መጥታለች። የተቀጠሩት ለአራት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሆነ። በሦስቱም አቅጣጫ አቧራ ተነሣ፤ ልጁ ክንዱን ያዘችው። ከዚያ አቧራው በሦስቱም በኩል ቆመ።

ስልኩ ጮኸ። «እኔ ከኮረብታው ጀርባ ነኝ» አለ ነጎድጓድ፤ ያለ ስልክም ይሰማ ነበር። «እነሱ ደረሱ?»

«እየመጡ ነው።»

«እንግዲያው ሲደርሱ ደውልልኝ።»

ባለሱቁ ከድልድዩ ማዶ ቆሟል። መምህሩ ከዛፎቹ ውስጥ። ሦስቱም መኪና ጭነው፣ ሞተር አስነሥተው፣ ሹፌሩን መሪ ላይ አስቀምጠው የሌላውን መምጣት ይጠብቃሉ። በየተራ አንድ አንድ ሞተር ብስክሌት ይልካሉ፤ ሞተረኛው ሜዳውን አንዴ ይዞርና ባዶ መሆኑን አይቶ «አልመጡም» ለማለት ይመለሳል። አንዱ ሞተረኛ ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር ከሌላው ሞተረኛ ጋር ተገናኝተው ሰላምታ ተለዋወጡ። ለሳቅ የሚሆን ነገር ነበር፤ የሚስቅ ግን አልተገኘም።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት አለፈ።

«ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ፣ «ለአንዱ ደውለው ይዘዙት። 'ና' ይበሉት።»

«ማዘዝ የኔ ሥልጣን አይደለም፣ ኢንጂነር። ይቀየማሉ።»

«ይቀየሙ!»

«አባዬ፣ ይቀየሙ በቃ» አለች ልጁ። «በአንዱ ላይ ጩህበት። ከሦስቱ በአንዱ ብቻ።»

ስልኩን በእጁ ይዞ ቆመ። በማን ላይ ይጩህ? ነጎድጓድ ላይ ቢጮህ ነገ የላይኛው ወረዳ ጉባኤውን ጥሎ ይወጣል። ባለሱቁ ላይ ቢጮህ የሚያቄመው በዝምታ ነው፣ እሱ ይብሳል። መምህሩ ደግሞ የልጁ አስተማሪ ነበር። እንዲህ ሲያመዛዝን ልጁ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ደወለች። «ጋሼ፣ የወተት ምርመራ ሠራተኛዋ ነኝ። ታንከሩን እየጠበቅን ነው፤ ይምጡልን» አለች።

ነጎድጓድ ሳቀ፤ ሳቁ ክፉ አልነበረም። «ጎሽ የኔ ልጅ! በይ አባትሽን ስጪኝ።»

ስልኩን ስትመልስለት የመጀመሪያው ጠብታ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሰማዩ እንዳለ ተዘረገፈ። የአፈር መንገዱ ሲጨቀይ ከባድ መኪና እንደማያሳልፍ ሁሉም ያውቃል፤ ከኮረብታው ጀርባ፣ ከድልድዩ ማዶና ከዛፎቹ ውስጥ ሦስት መኪኖች ዞረው ሲመለሱ ድምፃቸው ተሰማ። አንዱ ሌላውን አልቀደመም። ልጁ ካፖርቷን አወለቀችና አጥፋ በብብቷ ያዘችው። ክረምት ገብቶ ነበር።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ኢንጂነሯ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ፕሮጀክቱ ጊዜው አልቆ ተዘግቷል፤ ዕቃው ባለበት ለየወረዳው በስጦታ ይቀራል። ስብሰባው በጠዋት ነበር፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ የልጁ አውቶቡስ ይነሣል። ማርከሻ ሰዓቱን እያየ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ነጎድጓድ ታንከሩን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አድርጎታል፤ «ቢያንስ ውሃ ይይዛል» አለ። የባለሱቁ መደዳ እስከ ማታ በመብራት ይነግዳል። መምህሩ ሞተሩ ምንም እንዳልተነካ በኩራት አስረዳ። መዘጋቱን ሦስቱም በሙሉ ድምፅ ተቀበሉ። በጉባኤው ታሪክ እንዲህ በፍጥነት የተወሰነ ነገር አልነበረም።

ማርከሻ ብዕሩን አስቀመጠ። «አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እንካፈል ያልኩት እኔ ነኝ። ባላልኩ ኖሮ ዛሬ ወተታችን አይደፋም ነበር።»

ሦስቱም ደንግጠው ተነሡ። «ምን ሆነሃል አንተ!» አለ ነጎድጓድ። «አንተ ባትኖር ኖሮ ያን ቀን ተፈነካክተን ነበር።» ባለሱቁ ወንበሩን አስጠግቶ እጁን ያዘው። መምህሩ ከቦርሳው በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት አወጣ፤ ለካ አስቀድመው አዘጋጅተውለት ነበር፤ «ለሦስቱ ወረዳዎች ሰላም ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። አጨበጨቡለት። ከልባቸው ነበር፣ ያ ነው የከፋው።

ኢንጂነሯ ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «ጋሼ፣ ልተወው ወይስ ልንገርዎት እያልኩ ነበር» አለች። «ያን ቀን መኪኖቹ ይመለሳሉ ያልኩት ለማስፈራራት ነው። የመመለስ ሥልጣን አልነበረኝም። አንድ ሳምንትም ቢጣሉ እጠብቃቸው ነበር። ደክሟቸው ሊወስኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው።»

ማርከሻ የደረጃውን ብረት ያዘ። «አመሰግናለሁ» አላት።

መናኸሪያው ጭቃና ጭስ ነበር። እናትየው አልመጣችም፤ ላሞቹን ማን ያልባል ብላ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ በር ላይ ይዛው «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ናት፤ አትሄጂም በላት!» ብላው ነበር። እሱም «እሺ» ብሏት ወጥቶ ነበር።

ልጁ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች። የሌላ ሰው ልጅ ይመስል አዲስ ሹራብ ለብሳለች።

«አባዬ፣ እስካሁን አንዴ እንኳ 'አትሂጂ' አላልከኝም።»

«ምን ይዤ ልበልሽ፣ ልጄ? ሥራ የለኝ የምሰጥሽ።»

«ምንም አትስጠኝ። ምንም አልጠየቅኩህም።» ቀረብ አለችውና ክንዱን ያዘች። «ዝም ብለህ እምቢ በል። እዚሁ ሰው ፊት ጩህብኝ፣ ሻንጣውን ቀማኝ። ሙት እልሃለሁ፣ እቀራለሁ። ተናድጄም ቢሆን እቀራለሁ። ማንም እኮ ቅሪ አላለኝም።»

ማርከሻ አፉን ከፈተ። እናትየው በር ላይ ቆማ ታየችው። ወረቀቱን ያስጨረሰችላት ጓደኛዋ ደግሞ አለች፤ ብትቀር ታፍራለች። እዚያ ማዶ የሚጠብቋት ሰዎች አሉ። ልጁም ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ነገ «ያስቀረኸኝ አንተ ነህ» ብትለውስ? ሁሉም እውነት አላቸው። ከሁሉም ጋር የሚያስማማ ነገር ፈለገ፤ እንደ ወትሮው ቶሎ ነበር ያገኘው።

«ሄደሽ እዪው፣ ልጄ» አላት። «ካልተመቸሽ ቤትሽ ነው፣ ትመለሻለሽ። ከተመቸሽም ደስ ይለናል።»

ልጁ ራሷን ነቀነቀች። ክንዱን ለቀቀችና አቀፈችው፤ የጸጉሯ ሽታ የሕፃንነቷ ነበር። ከዚያ ዞራ ሳታይ ገብታ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሻንጣ የቀረ!» ብሎ ጮኸ የአውቶቡሱ ረዳት ከጣሪያው ላይ። «የማን ነው ይኼ? ልንቀሳቀስ ነው!»

ማርከሻ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዋን አነሣና፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ አቀበለው።